ሦስተኛውን ቅጽ ሳታነቡ ወንዙን አትሻገሩ

ከአሶሳ የወጣሁት ቅዳሜ ማታ፣ የመግሪብ አዛን እንዳለቀ ነው። በላስቲክ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሱሪ፣ የግጥም ደብተሬና «የአመድ ወንዝ» ቅጽ አንድ ነበሩ። ጓደኛዬ አጣሂር እስከ ቀርከሃው አጥር ጥግ ሸኘኝ።

«መጽሐፉን ተው። ለኔ ይቅር» አለኝ። ሰጠሁት።

«ወላሂ፣ እኔም እመጣለሁ» አለ።

«ና» አልኩት።

ይህን የምጽፈው ለዚያች አንዲት ቃል ነው።

በአሶሳም በባምባሲም ያላችሁ አንባቢዎች «ረጅም፣ ብዙ ቅጽ ያለው፣ ጠንቋይና ያልታወቀ አገር ያለበት ልብ ወለድ ምረጥልን» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ «የአመድ ወንዝ»፣ አራት ቅጽ። ጥላ ሳይኖረው የተወለደ ልጅ ጥላውን ሊፈልግ ከሰባት ጓደኞቹ ጋር የአመዱን ወንዝ ይሻገራል። አንብቡት። ነገር ግን እኛ እንዳነበብነው አታንብቡ።

እኛ እንዴት እንዳነበብነው ታስታውሳላችሁ። ቅጽ አንድና ሁለትን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ መምህር ይዞ መጣ። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ ስለሆነ ስፌቱን ፈተን በየጥራዙ ተካፈልነው፤ የጨረሰ ለሚቀጥለው ያቀብላል። መምህሩ ተዛወረ። በእርሱ ቦታ የመጣው መምህር ደግሞ አራተኛውን ብቻ ይዞ መጣ። ሦስተኛው አሶሳን ረግጦ አያውቅም። በሁለተኛው መጨረሻ ልጁ ወንዙ ዳር ቆሟል፤ በአራተኛው መጀመሪያ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ጥላው እንደ ካባ ከኋላው ይጎተታል። በመካከሉ ምን ሆነ?

ይህን ነው እኔ የሞላሁት። ገበያ በሚውልበት ቀን ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ አማርኛው ለከበዳቸው የበርታ ቋንቋ እያቀላቀልኩ፣ ሦስተኛውን ቅጽ ከራሴ አውጥቼ ተናገርኩት። በኔ ሦስተኛ ቅጽ ልጁ ወንዙን በአንድ ቀን ይሻገራል፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ሰዎች ውኃ ይዘው ይቀበሉታል፤ ጥላውም በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። አጣሂር ያን ቀን አፉን ከፍቶ ነበር የሰማኝ።

እኔ የምሄድበት ምክንያት ነበረኝ። ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ በየቢሮው ሰው ይቀጠር ነበር። ማመልከቻዬን ይዤ ገባሁ።

«የት ተወለድክ?» አለኝ ጸሐፊው።

«እዚሁ፣ ሰፈራ ጣቢያው ውስጥ።»

«አባትህስ?»

«ወሎ።»

«እንግዲያ ያንተ ሥራ ያለው ወሎ ነው።»

«ወሎ ስሄድ ደግሞ የተወለድክበት ሂድ ይሉኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግህ፣ ወንድሜ? መሀል መንገድ ላይ ቢሮ የለንም።»

አጣሂር ግን ሥራ ነበረው። አንድ ቢሮ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ እናቱንና እህቱን ሐዋን ያኖር ነበር። ለመሄድ ምንም ምክንያት አልነበረውም፣ ከኔ ሦስተኛ ቅጽ በቀር።

መንገዱን አላስረዝመውም። የድንበሯን ከተማ ኩርሙክን ወደ ጎን ትቼ ከፍየል ነጋዴዎች ጋር በእግር ሄድኩ፤ ከሱዳኗ ደማዚን ወዲያ በከሰል መኪና ላይ። ውኃ ይዞ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። ካርቱም ስደርስ ሰማዩ አቧራ ይዘንብ ነበር፤ ሐቡብ ይሉታል። እኛ ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እናማርር አልነበር? እኛ ዘንድ ፍየል የሚረግጠውን ማንጎ እዚህ በሚዛን ይሸጡታል። የዱራ፣ የማሽላው ገንፎም አለ፣ አሲዳ ይባላል፤ ባሚያውም ያው ነው። ግን ብቻህን ስትበላው ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

ዴም በሚባለው ሰፈር ከአንድ ሐጂ አንዲት ክፍል ተከራየሁና በሐበሻ ምግብ ቤት ሰሐን አጣቢ ሆንኩ። ሁለተኛው ወር ላይ አፈሳ መጣ፤ እዚህ ከሻ ይሉታል።

«ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ?» አለኝ ፖሊሱ።

«የለኝም።»

«ሥራህስ?»

«ገጣሚ ነኝ።»

አጠገቡ ወደሚመዘግበው ልጅ ዞሮ «ሥራ የለውም ብለህ ጻፍ» አለው።

ከእስር ስፈታ ምግብ ቤቱ ጓዳ ውስጥ አንድ ጆንያ አገኘሁ፤ ወደ ሊቢያ የሄደ ልጅ የተወው ነው። ከጆንያው ውስጥ «የአመድ ወንዝ» ቅጽ ሦስት ወጣ። ሙሉ፣ ስፌቱ ያልተፈታ። እቤት ወስጄ ሳነብ ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ።

«ያ ሐበሺ፣ ቁርአን ነው?»

«አይደለም ሐጂ፣ ልብ ወለድ ነው።»

«በእውነት የሆነ ነገር ነው?»

«ያልሆነ።»

«ላልሆነ ነገር የኔን መብራት ታቃጥላለህ? የሆነ ነገር ስታነብ ጥራኝ፣ ዝም እልሃለሁ።»

እውነተኛው ሦስተኛ ቅጽ እንዲህ ነው። ልጁ ከተማዋ በር ላይ ይደርሳል፤ አያስገቡትም። መጥረጊያ ይሰጡትና ደጁን ይጠርጋል። ከገጽ ገጽ የሚሆን ነገር የለም፤ መጥረግ ብቻ። ሰባቱ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ቆመው እንደጠበቁ ድንጋይ ይሆናሉ። በመጨረሻዋ ገጽ ላይ ጥላ ያገኛል፤ ጥላው ግን የራሱ አይደለም። መጨረሻ ድንጋይ የሆነው ጓደኛው ጥላ ነው። እኛ በአራተኛው ያጨበጨብንለትን ፈረሰኛ አሁን አስቡት።

መጽሐፉን በደማዚን ነጋዴ እጅ ለአጣሂር ላክሁ። «ይህን ሳትጨርስ እንዳትነቃነቅ» ብዬ ጻፍኩበት። ከወር በኋላ አሶሳ ገበያው አጠገብ ስልክ ወዳለው ሱቅ ደወልኩ፤ አስጠሩልኝ።

«ደረሰህ?»

«ደረሰ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። እስከ ግማሽ አነበብኩት። መጥረግ፣ መጥረግ፣ መጥረግ! ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«ጨርሰው፣ አጣሂር። ለመድኃኔ ዓለም ብለህ መጨረሻውን አንብብ።»

«መጨረሻውንማ እናውቃለን። በአራተኛው ላይ ጥላው አለ አይደለም?» ሳቀ። «ያንተ ሦስተኛ ይሻላል። ወላሂ፣ አንተ ብትጽፈው ጥሩ ነበር።»

«ያንን እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ውሸት ነው!»

«አንተ ደርሰሃል። ለኔ ሲሆን ነው ውሸት?»

ስለ ፖሊሱ ነገርኩት፤ ሳቀ። ስለ ሐጂ ነገርኩት፤ የባሰ ሳቀ። አሳምሬ ስለምናገር የተረገምኩ ነኝ።

ሐዋ ደውላ፣ ሥራውን ትቶ ሐሙስ ከስድስት ሰዎች ጋር መውጣቱን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰሐኔን አጥቤ ስጨርስ የደማዚን መኪና ማራገፊያ እሄዳለሁ። ከሰል ይወርዳል፣ ፍየል ይወርዳል። ከስድስቱ ሁለቱ መጡ። «ወንዙ ዳር ተኩስ ነበር፣ ተበታተንን» አሉኝ። ሌላ የሚያውቁት የለም።

ትናንት ምግብ ቤቱ ስልክ ላይ ሐዋ ደወለች።

«ወንድሜ ደረሰ?»

«ገና ነው።»

«መንገዱ ስንት ቀን ነው?»

እጄ ላይ የቀረውን ሳሙና በሱሪዬ ጠረግሁ።

«እናቴ እዚህ አጠገቤ ቆሟል» አለች፣ እንደ ልማዷ በአማርኛ ሴቱን በወንድ እየጠራች። «አማርኛ አይሰማም። አንተ በበርታ ንገረው። እኔ መንገር አልችልም።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ። የእናቱ ትንፋሽ መጣ። ልጄ ደረሰ ወይ አለችኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን የምታነቡ አሶሳዎች፣ በደጇ ስታልፉ ዝም በሉልኝ። ደርሷል አልኳት። እግሩ ትንሽ ቆስሏል፣ ውኃ ጠጥቷል፣ አሲዳ በልቷል፣ አሁን እኔ ክፍል ውስጥ ተኝቷል አልኳት።

ረጅም ጊዜ አመሰገነች፤ እኔንም መረቀችኝ።

«አትቀስቅሰው፣ ደክሞታል» አለችኝ። «ሲነሳ ደውልልኝ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»