ሃያ አራቱ የጾሙ ዶሮዎች

ገነነ የዶሮ እርባታ ትምህርት ሲጀምር ሠልጣኞቹን ገና ደብተር ሳያስከፍት ወደ ዶሮ ቤቱ ይወስዳቸውና ተራ በተራ እጃቸውን ጭድ ሣጥን ውስጥ ያስገባቸዋል። ሣጥኑ ከጣውላ የተሠራ ነው። ዙሪያው ደረቅ ጭድ ታጭቆበታል፤ መሐሉ ላይ እንደ ጎጆ ያለ ክፍት ቦታ ተትቷል፤ ከላይ ደግሞ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይከደንበታል። መብራት የለው፣ ከሰል የለው። የአንድ ቀን ጫጩቶች አምሳ ሆነው ሲገቡበት ግን ከገላቸው የሚወጣውን ሙቀት ጭዱ ይዞ ያስቀርላቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሣጥኑ እንደ እናት ክንፍ ይሞቃል።

«ማን አሞቀው?» ብሎ ይጠይቃል ገነነ።

ሁልጊዜ አንዱ ጎንበስ ብሎ ከሣጥኑ ሥር የተደበቀ ሽቦ ይፈልጋል። ገነነ ያቺን ደቂቃ ይወዳታል። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው የሙያ ማሠልጠኛ የከብትና የዶሮ እርባታ ሲያስተምር አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሽቦ ፈላጊ ያልመጣበት ዓመት አልነበረም።

በሁለት ሺህ ሦስት መስከረም ከመጡት መሐል ሽቦ ያልፈለገች አንዲት ሴት ነበረች። ታንጉት ትባላለች። ባሏን ፈትታ ማንኩሳ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት የተመለሰች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። እጇን ሣጥኑ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ አቆየችና፣ «ሲያድጉስ? ሙቀቱ አይበዛባቸውም?» አለች። ገነነ ይህን ጥያቄ የሚጠብቀው በሦስተኛው ሳምንት ነበር። በዚያው ቀን ስለ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አስተምሮ ዋለ።

ጫጩት ማሳደግ ለገነነ አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ችግሩ ያለው ወር አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ ይህንንም ለሠልጣኞቹ በጣቱ እየቆጠረ ያስረዳቸው ነበር። በጀት የሚለቀቀው ሐምሌ ነው። ወረቀቱ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ጫጩቶቹ የሚደርሱት መስከረም ነው። ታኅሣሥ ላይ አድገው ለሠልጣኞች ይከፋፈላሉ። አምስት ወር ሲሞላቸው መጣል ይጀምራሉ። የካቲት ማለት ነው። የካቲት ላይ ደግሞ ዓቢይ ጾም ይገባል፤ አምሳ አምስት ቀን ሙሉ እንቁላል የሚበላም የሚገዛም የለም። ስለዚህ ሠልጣኞቹ በየዓመቱ ዶሮዎቹን ልክ ሊጥሉ ሲሉ ለቅበላ አውጥተው ይሸጧቸዋል። ገነነ ጫጩቶቹ በታኅሣሥ እንዲመጡለት አራት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቋል። የሩብ ዓመቱ ዕቅድ አይፈቅድም የሚል መልስ የመጣለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የማዕከሉ ኃላፊ እጅጉ ጠራው። እጅጉ ወጣት ነው፤ ደግ ነገር ሲናገርም ክፉ ሲናገርም ድምፁ አይለወጥም።

«ጋሼ ገነነ፣ ግንቦት ላይ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ከሠልጣኞችዎ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ዶሮዎቹ ቤቱ ሆነው ሲጥሉለት ያሳዩኝ። ያኔ ክፍሉን አስቀጥላለሁ። ካልሆነ ቦታው ለኮብልስቶን ድንጋይ ጠረባ ሥልጠና ይፈለጋል።»

ገነነ በቅበላው ሳምንት ማንኩሳ ወርዶ ሲያይ ከታንጉት ጋር የሠለጠኑት ዶሮዎቻቸውን ሸጠው ጨርሰዋል። እሷም በማግስቱ ገበያ ልትወጣ የደረሷትን ሃያ አራት ዶሮዎች የምታስርበት ገመድ አዘጋጅታ ነበር። እጅጉ ያለውን አንድም ሳይደብቅ ነገራትና እስከ ግንቦት እንድታቆያቸው ለመናት።

«እርስዎ ካሉ አልሸጥም» አለች። «ግን እንቁላሉን ማን ይበላዋል?»

ዶሮዎቹ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን መጣል ጀመሩ፤ ሳምንት ሳይሞላ በቀን አሥራ አምስት ደረሱ። ገነነ ራሱ እንቁላሉን እያጓጓዘ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ላላት ለዙለይካ ይወስድላት ነበር። ዙለይካ ለልጆቿ የሚሆን ሠላሳ ወሰደችና በሁለተኛው ሳምንት እጇን አጣጥፋ ተቀበለችው። «መምህር፣ እኔ ቤት የሚበላው ሹፌር ነው። ሹፌሩም ይጾማል። ልጆቼም እንቁላል ሲያዩ መሸሽ ጀምረዋል» አለችው።

የታንጉት አባት ገብረሰንበት ግን ቀልድ አልነበራቸውም። በጾም ቤታቸው ጓዳ እንቁላል መከመሩ አንድ ነገር ነው፤ ከጎተራቸው እየተሰፈረ የሚወጣው ገብስ ደግሞ ሌላ። ገነነ ሊጠይቅ በሄደበት ቀን ፊት ለፊቱ፣ «ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዱን አስሮ ይውላል፤ የልጄ ዶሮ ግን ጠግባ ታድራለች። እሷስ ክርስቲያን ቤት አይደለም ያለችው?» አሉት።

ገነነ ሳቀ። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ቆመ። ድሮ በሥልጠና የተሰጠው፣ ቀለሙ የደበዘዘ የተባዛ መጽሐፍ ትዝ አለው። ቤቱ ገብቶ ገለጠው። እውነት ነው፤ ዶሮ መኖ ሲቀነስባት መጣል ታቆማለች፣ ላባዋን ታራግፋለች፣ ታርፋለች። መኖው ሲመለስላት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ አዲስ ትጥላለች። ገነነ ወሩን በጣቱ ቆጠረ። ሆሳዕና ላይ መመገብ ቢጀምሩ ከግንቦት ሃያ በኋላ መጣል ይጀምራሉ፤ ገምጋሚዎቹ የሚመጡት ደግሞ ግንቦት መጨረሻ ነው። መጽሐፉ ይህ የሚደረገው ዓመት ሙሉ ለጣሉ አሮጌ ዶሮዎች ነው ይላል። ገነነ መስመሩን አንብቦታል። ሁለት ጊዜ አንብቦታል።

በማግስቱ ለታንጉት ምክንያቱን ከነአካሄዱ አስረዳት፦ ውኃ አይቋረጥም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጎመንና ጥቂት ፉርሽካ ብቻ፤ ከዚያ ለእያንዳንዷ በቀን ግማሽ እፍኝ ገብስ። እሷም ለመስፈሪያ የሚሆን ባዶ ጣሳ ፈልጋ ልኩን ምልክት አደረገችበት። ሰፈሩ ወሬውን ሰምቶ ሳቀ፤ የታንጉት ዶሮዎች ቆረቡ ተባለ። በዘጠነኛው ቀን አንድም እንቁላል አልተገኘም። ላባቸው በየግቢው ሲበን ገነነ አንዱን አንሥቶ ሥሩን ለታንጉት አሳያት፤ አዲሱ ላባ አሮጌውን እንዴት ገፍቶ እንደሚያወጣው አስረዳት። ደስ ብሎት ነበር። አባቷም ደስ ብሏቸው አንድ ቁና ገብስ ለፋሲካ አስቀመጡላት።

በመጋቢት መጨረሻ የፈንግል ክትባት ለማንኩሳ መጣ። ፈንግል ማለት የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል የሚነሣ፣ የአንድ ሰፈር ዶሮ በሳምንት የሚጠርግ በሽታ ነው። ክትባቱ ዓይን ላይ የሚንጠባጠብ ነው፤ ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ገነነ ሊያግዝ ሄደ። የታንጉት ጎረቤት አቻምየለሽ ሦስት የሀበሻ ዶሮዎቿን አቅፋ አመጣች፤ ጠብ ጠብ አደረገላቸው። ከዚያ ታንጉት ግቢ ገብቶ አንዷን ዶሮ አነሣ። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ጀርባ ሆኗል።

በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ነገር ነው፦ የተራበና የደከመ ዶሮ አይከተብም። ዶሮዋን መሬት ላይ አስቀመጣት።

«ከፋሲካ በኋላ» አላት ታንጉትን። «ሥጋ ሲያወጡ።»

በሆሳዕና ዋዜማ ገነነ ግማሽ ጆንያ መኖ ተሸክሞ ከመኪና ወረደ። ታንጉት መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀው ነበር። የጆንያውን አንድ ወገን ይዛ አብራው ሄደች። ግቢው ውስጥ አሥራ አንዱ ሞተው ተደርድረዋል። የቀሩት ክንፋቸውን ጥለው፣ አንገታቸው ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ቆመዋል። የመጨረሻዋ ዶሮ በስቅለት ዕለት ሞተች። የአቻምየለሽ ሦስት ዶሮዎች በአጥሩ ቀዳዳ እየገቡ ከጆንያው የፈሰሰውን መኖ ሲለቅሙ ማንም አላባረራቸውም።

ገምጋሚዎቹ በግንቦት መጥተው ባዶውን ዶሮ ቤት ከበር ላይ አይተው ተመለሱ። እጅጉ ሪፖርቱን ሲያዘጋጅ፣ «ፈንግል ገደላቸው ብለን እንለፈው፤ ውሸት አይደለም» አለ። ገነነ ፈረመ። ክረምቱ ሲወጣ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ድንጋይ ተራገፈበት። ገነነን ከሥራ አላስወጡትም፤ የመሣሪያ ዕቃ ቤት ኃላፊ አደረጉት። ጭዱ ተጥሎ ሣጥኖቹ የመዶሻና የመሮ ማስቀመጫ ሆኑ።

ለኮብልስቶን ከተመዘገቡት መሐል ታንጉት ነበረች። መሣሪያ ልትወስድ ተራዋ ሲደርስ በሩ ላይ ቆም አለች።

«መምህር፣ ባናጾማቸው ኖሮስ?»

ፈንግል ማንንም አይምርም ሊላት ይችል ነበር። አፉን ከፍቶም ነበር። ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለጠየቀው ሁሉ ነገሩን እንዳለ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው።

«እየበሉ ቢሆን እከትባቸው ነበር» አለ። «ተከትበው ቢሆን ደግሞ አብዛኞቹ ዛሬ ይኖሩ ነበር።»

ታንጉት ራሷን ነቀነቀች። «እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለች። «የአቻምየለሽ አንዷ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።»

እጇን ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ አንድ መዶሻ አወጣች። ገነነ መዝገቡን ወደ እሷ አዙሮ የምትፈርምበትን መስመር በጣቱ አሳያት።