የአባቴ ወፍጮና የተሳቢው ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከላሊበላ ደወለልኝ። ወደ ገጠር የውኃ ታንከር የጫነ ተሳቢ በላንድክሩዘር ሊጎትት ነውና «አባዬ፣ ለጎማው ስንት ንፋስ ልሙላ?» አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሙያዬን የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይገኝ፣ ቁጥሩን ነግሬው ስልኩን መዝጋት አላሰኘኝም። «መጀመሪያ ማን ማን እንደሚሳፈር ንገረኝ» አልኩት። «ኧረ ማንም የለም፣ ታንከሩ ብቻ ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ። የአባቴም ተሳቢ ከላሊበላ ሲነሳ የጫነው ወፍጮ ብቻ ነበር።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሥራዬም በላሊበላ ቱሪስት ማመላለስ ነበር። አባቴ ጥንድ በሬዎቻቸውን ሸጠው የወፍጮ ሞተርና ድንጋይ ገዙ። የሚያርሱበት በሬ የለም፤ ወፍጮው ሳይተከል ከቀረ ቤታችን ባዶ ነው። መንደራችን ከይምርሐነ ክርስቶስ መገንጠያ አለፍ ብላ የምትገኝ ናት። በዚያ ዘመን ሴቶቹ እህል ተሸክመው ግማሽ ቀን ተጉዘው ነበር የሚያስፈጩት። አሠሪዬ መኪናውንና አንድ አሮጌ ተሳቢ አዋሰኝ።

የቱሪስት ሾፌር አመል አለበት። እንግዳው እንዳይንገጫገጭ ብለን ለስለስ ያለ ጎማ እንመርጣለን፣ ንፋሱንም ቀነስ እናደርገዋለን። ኮረኮንቹን ጎማው ይውጠዋል፣ እንግዳውም ያመሰግናል። ለመጎተት ግን ይህ ምቾት ጠላት ነው። የላላ ጎማ ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ጎኑ ይታሻል፣ ይሞቃል፣ መኪናውም ኩርባ ላይ ይዋልላል። ስለዚህ ጎናቸው ወፍራም የሆኑ የጭነት ጎማዎች አስገጠምኩ። በማለዳ፣ ጎማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ የመኪናውን የኋላ ጎማዎችና የተሳቢውን ጠበቅ አድርጌ ሞላሁ፤ ጎናቸው ላይ ከተጻፈው ልክ ግን አላሳለፍኩም። ሞተሩንና ድንጋዩን ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደፊት አስቀምጠን፣ ክብደቱ መጎተቻው ጋንቾ ላይ በመጠኑ እንዲያርፍ አድርገን አሰርነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደልኝ፣ ደስ አለኝ።

ያላሰብኩት በዓሉን ነው። ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፣ መንገዱ ደግሞ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ በሚሄድ ሰው ነጭ ለብሷል። በእኛ አገር በበዓል መንገድ ላይ ባዶ ቦታ ይዞ ሽማግሌን ጥሎ ማለፍ ነውር ነው። አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው «እስቲ ያዝ አርገው» ይሉኛል፤ አቆማለሁ። የሚሳፈረው ሁሉ ቃሉ አንድ ነው፤ «ኧረ እኔ ምን እከብዳለሁ!» የጽጌን ጾም የያዙ አንዲት እማሆይማ «ቆሎ ቀምሼ የማድር ሰው፣ የኔ ጌታ፣ እንኳን መኪና ነፋስም ይሸከመኛል» አሉኝ። መኪናው ሲሞላ የቀሩት ተሳቢው ላይ ወጡ። የፊቱን ቦታ ወፍጮው ስለያዘው ሁሉም ከኋላ ጫፍ ተደረደሩ። ያ ሁሉ «ምን እከብዳለሁ» ሲደመር ከወፍጮው በለጠ።

ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው ይወዛወዝ ጀመር። የኋላው ክብደት ጋንቾውን ወደ ላይ ስላነሳው የመኪናው የኋላ ጎማዎች መሬቱን መቆንጠጥ አቃታቸው። በግራችን ገደል ነው። በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ እንደምንም አቆምኩ። ወርጄ የተሳቢውን ጎማ ብነካው እጄን አቃጠለኝ።

«አስተንፍሰው፣ ሊፈነዳ ነው!» አለ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ።

«ካስተነፈስኩት ይላላል፣ ሲላላ ይብሱን ይሞቃል። ዝም ብሎ ይብረድ» አልኩት። ከዚያ አባቴን ጠጋ ብዬ «አባዬ፣ ወይ ሰው ይውረድ ወይ ወፍጮው ይውረድ። ሁለቱንም ይዤ ይህን ቁልቁለት አልወርድም» አልኳቸው።

አባቴ እማሆይን አዩ፤ ወፍጮውን አዩ። «ወፍጮውን አውርዱት» አሉ።

ተናደድኩ። «መልሶ ማን ሊጭነው ነው? እኔና እርስዎ?»

«ሰው አይጠፋም።»

ከተሳፋሪዎቹ መካከል ጎልማሶቹ በአጣና ተሸክመው መንገድ ዳር ሣሩ ላይ አወረዱት። ተሳቢው ላይ ያለውን ሰው ወደፊት ጠጋ ጠጋ አደረግኩና ጎማው ሲበርድ ተነሳሁ። በመስታወት ሳይ፣ ወፍጮውን ሊጠብቁ የቀሩት አባቴ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ብቻቸውን ቆመዋል።

መገንጠያው ላይ ሰዉ እየመረቀኝ ወረደ። ጎልማሶቹ ግን ከመኪናው አንወርድም አሉ። «ያወረድነውን ሳንጭን ምን በዓል አለ? አዙር እንጂ!» አለኝ አንደኛው። አዞርኩ። ወፍጮውን መልሰን ጭነን መገንጠያው ላይ ሳወርዳቸው ሕዝቡ ከንግሡ እየተመለሰ ነበር። ወፍጮው በሰላም መንደር ገባ።

ወፍጮው ብዙ ዓመት ፈጨ። አገሩ ሁሉ የአባቴን ነገር እንደ ገድል ያወራው ነበር፤ እኔም እንደዚያው አምኜ ኖርኩ። አባቴ ሊያርፉ ሰሞን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ ያን ቀን ምን አስበው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «እማሆይን ገደል አፋፍ ላይ ጥዬ ወፍጮ ብተክል ማን መጥቶ ሊያስፈጭልኝ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ፈርቼ ነበር ልጄ። ሰውስ ባይመለስ አልኩ። አንተ እስክትመጣ ድረስ በሬዎቼን በስማቸው ስጠራ ነበር። ቦራ፣ ዳልቻ፣ ቦራ፣ ዳልቻ እያልኩ።»

ይህን ሁሉ ለልጄ በስልክ አወራሁለት። ቁጥሩንም ነገርኩት፤ የጎማው አቅም ከጭነቱ እንዲያልፍ፣ መንገድ ላይ ለሚሳፈረው ሰው ቦታውን ከጋንቾው ወገን እንዲተው መከርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። አባቴን የሚያነሳ ሰው ሁሉ እምነታቸው ጽኑ ነበር ይላል። እኔ ግን ከዚያች የአልጋ ዳር ጨዋታ ወዲህ፣ እየፈሩ «አውርዱት» ያሉትን ሰውዬ ነው የምወደው።