እትዬ አስካለ ስለ ቫንኩቨር የሰጡኝ ምክር

ወደ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ልበር ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ እትዬ አስካለን ልሰናበት ከሮተርዳም ዴን ሃግ ሄድኩ። ቫንኩቨር የማውቀው ሰው ስለሌለ የት እንደማድር ጨንቆኛል። ሆላንድ ከገቡ ወዲህ ከሰፈራቸው ከስኪልደርስዋይክ ርቀው የማያውቁት ሴትዮ፣ ጥቁር ሻሻቸውን እያስተካከሉ ይመክሩኝ ጀመር።

«ካፖርት ይበቃኛል ብለህ እንዳትሸወድ፣ የዝናብ ልብስ ያዝ። እዚያ ከበረዶው ዝናቡ ይብሳል። ለአውቶቡስ ዝርዝር ሳንቲም ይኑርህ፤ ሾፌሩ መልስ አይሰጥም። ቋንጣም እንዳትይዝ፣ አየር ማረፊያው ላይ ይወስዱብሃል።»

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ማን ነገረዎት?»

«ባለቤቴ ናቸዋ! በየወሩ ይጽፉልኛል። አድራሻቸውን እሰጥሃለሁ፣ እሳቸው ዘንድ ታድራለህ።»

ክው አልኩ። ባለቤታቸው ሱዳን ውስጥ ሞቱ ተብሎ አምና መርዶ ያረዳናቸው እኛው ነን። ሦስት ቀን ለቅሶ ስንቀመጥ ከየቤቱ ወንበር የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ በሕይወት አሉ?!» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ ቀስ በል አንተ፣ ጎረቤት ይሰማል! የመጀመሪያው ደብዳቤ የደረሰኝ ለቅሶው ካለቀ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ሰው አስለቅሼ፣ በምን አፌ አልሞቱም ልበል?»