ጠቅ የማይል ሰንጢ

ሰንጢ ሠሪው አንድ መፈተሻ ብቻ ነበረው፤ ሰንጢው ሲከፈትም ሲዘጋም ጠቅ ካላለ አይሸጥም።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰንጢ መቆለፊያ አለው። ካልተጫኑት አይታጠፍም። ስለቱ ግን ቶሎ ይዶለዱማል። የእሱ ስለት ስንት ቆዳ ቆርጦ አይዶለዱምም፤ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ግን በጀርባው ባለው ሞላ ጉልበት ብቻ ነው። ሞላው ከሰነፈ ጠቅ አይልም፤ ጣት ላይም ይታጠፋል። ገበያተኛ ስለ መቆለፊያ ሲጠይቀው፣ «መቆለፊያ ለሌባ ነው፤ የኔ ሰንጢ ታማኝ ነው» ይላል።

ጆሮው እየደከመ መምጣቱን ያውቃል። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም። የማይሰማ ሰንጢ ሠሪ ማን ይፈልጋል? ጣቱም ቢሆን በመዶሻ ደንድኖ የሞላውን ጉልበት አይለይም።

ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ የቀንድ እጀታ ስትሞርድ ኖራለች። የጨረሰውን ከፍቶ ዘግቶ ይሰጣታል፤ እሷ ዘይት ትቀባዋለች። አንዳንዱን ወደ ጎን ታደርገዋለች።

«ይሄ እጀታው ተሰንጥቋል።»

«አንቺ ደግሞ ስንጥቅ ካላየሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።»

ክረምት መውጫ ላይ ሳንባ ምች ይዟት ሞተች። ከዚያ በኋላ ዘይቱን ራሱ ይቀባ ጀመር።

አንድ ጠዋት የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ጫማ ሰፊው፣ ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰንጢህ ታጠፈብኝ።»

«ምን አልክ?»

«ታጠፈብኝ! ጅማቴን በጥሶታል። ሁለቱ ጣቶቼ አይታዘዙም።»

«አያያዝህ ነዋ። የኔ ሰንጢ አይታጠፍም።»

ጫማ ሰፊው በግራ እጁ ከኪሱ አወጣውና በጥርሱ ስለቱን ስቦ፣ ከሠሪው ጆሮ ሥር ከፈተው።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። ጠቅ አለ።»

«ምንም አላለም።»

ከሌላው ኪሱ የባሕር ማዶውን አወጣና በአውራ ጣቱ ገፍቶ ከፈተው። በበሩ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አየ።

«ይሄስ?»

«ዝም ነው እንጂ። የውጭ ዕቃ ምን ድምፅ አለው?»

ጫማ ሰፊው አልሳቀም። ሁለቱንም ገበታው ላይ አስቀመጠ። ፊቱን ወደ ሠሪው ፊት አስጠግቶ ቀስ ብሎ፣ «እህቴ ታውቅ ነበር?» አለው።

ሰንጢ ሠሪው ጎንበስ ብሎ ከበርጩማዋ ሥር የነበረውን ቆርቆሮ ሳበ። እሷ ወደ ጎን ያደረገቻቸው ሰንጢዎች ሞልተውታል። አንዱን አንስቶ እጀታውን አገላብጦ አየ። ስንጥቅ የለበትም። የስለቱን ጀርባ ገበታው ላይ ደገፍ ሲያደርገው ወዲያው ታጠፈ። ሁለተኛውም ታጠፈ። ሦስተኛውም።

«ታውቅ ነበር» አለ።

ከሞተች ወዲህ ስንቱን እንደሸጠ አሰበ። የገዙት ሰዎች መልክ ግን አልመጣለትም። ጫማ ሰፊው በሩ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ተናገረ፤ «ምን አልክ?» ብሎ አልጠየቀውም።

ግድግዳው ላይ ለሽያጭ የተሰቀሉትን አውርዶ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመራቸውና በሩን ቆልፎ ገበያ ወጣ። ያገኘውን ሁሉ በክንዱ እየያዘ ያስቆማል።

«ከኔ ሰንጢ ገዝተሃል? ካለህ መልስልኝ።»

ሰዎቹ መልስ ይሰጡታል። እሱ አፋቸውን ያያል።