«ጣ» እና «ታ»

ቢቸና ውስጥ የሟች አርባ ሲወጣ ቤተሰቡ ጋሽ አካለ ወልድ ዘንድ ይሄዳል። እሳቸውም የሟቹን ታሪክ ጠይቀው በከተማው መዝገብ ያሰፍራሉ። ሥራውን የጀመሩት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ስጦታው ነበሩ፤ ሲደክማቸው ለተማሪያቸው ለአካለ ወልድ አወረሱ። ማዘጋጃ ቤቱ ኋላ ላይ ለጋሽ አካለ «የክብር ታሪክ ጸሐፊ» የሚል ወረቀት ሰጣቸው። ክብሩ ደመወዝ የለውም፤ ምርቃት ብቻ ነው፣ እሱም ከለቅሶ ጋር የተቀላቀለ።

ሰውየው በፊደል ቀልድ አያውቁም። ሐዘንተኛ ፊት ተቀምጠው እንኳ «በሐመሩ ሐ ነው በሃሌታው ሀ?» ብለው ያፋጥጣሉ። «ሰው በፊደል ስሕተት ሁለተኛ መሞት የለበትም» ባይ ናቸው።

አንድ ልጃቸው ጸደንያ ሞጣ ከተማ ነርስ ነበረች። ባለፈው ክረምት መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርኩም ጠፋ። እናቷ ባንቺዓለም እህል አልቀምስ አለች። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። የሴት ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ፤ ጋሽ አካለ የሰሙት «ጋሼ፣ ጸደንያ ሞጣ…» የሚለውን ነው። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

«ልጅሽ ሞጣ ናት! በሕይወት አለች!» ብለው እየሮጡ ገቡ። ባንቺዓለም እልል አለች፤ የተሳለችውን ጃንጥላም ለኪዳነ ምሕረት አስገባች።

መንገዱ ሲከፈት የጸደንያ ባልደረባ ፍሬ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ የጸደንያን ሻንጣ ይዛ።

«በስልክ ነግሬዎት አልነበር ጋሼ? ‹ጸደንያ ሞታ እዚሁ ቀበርናት› ብዬ። ትኩሳት ነው የጣላት። መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒት አጣንላት።»

አርባዋ አልፏል። የሰው አገር ሰው ልጃቸውን ሲቀብር እነሱ እልል ብለዋል። ጋሽ አካለን ከሞቷም በላይ የሰበራቸው ይህ ነው።

ለቅሶው ሲበተን ባንቺዓለም እንደማንኛውም ሐዘንተኛ መጥታ ፊታቸው ተቀመጠች።

«እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፋት» አለች።

ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ሳቋ፣ መርፌ ፈርታ ኋላ መርፌ ወጊ ስለመሆኗ ተናገረች። ጋሽ አካለ ጻፉ። በመጨረሻም እንደ ልማዳቸው ያረፈችበትን ቦታ ጮክ ብለው እያነበቡ አሰፈሩ፤ «ሞጣ።»

ባንቺዓለም ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋን ነው የምታምነው።

«አዎ፣ ሞታ» አለች ደረቷን እየመታች። «ያን ቀን እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት!»

ጋሽ አካለ ወልድ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል ሳያርሙ መዝገቡን ዘጉ።