ነዚፋ ጥንዶቹን ማሽኖች የለያየች ዕለት

እዚህ ስደት አገር፣ ሐበሻ በሚበዛባት ክላርክስተን ውስጥ ነዚፋን የማያውቅ የለም። የደሴ ልጅ ናት። አራት ዓመት ኤርፖርት ፓርኪንግ ላይ ትኬት እየቆረጠች ኮምፒውተር ተማረች፤ በ2003 ኢስት ፖይንት ያለ የጭነት ድርጅት ቀጠራት። እዚያ ያስገባኋት እኔ ካሳሁን ነኝ፤ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

የድርጅቱ ሥራ ሁሉ ያለው ሰርቨር በሚባሉ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች ላይ ነበር። ጥምረታቸው ክላስተር ይባላል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ወዲያው ይረከባል። ሁለተኛው የኪራይ ነውና ውሉ ሲያልቅ ጥምረቱ ይፍረስ፣ አንደኛው ብቻውን ይሥራ ተባለ። ሥራው እሁድ እንድትጨርሰው ለነዚፋ ተሰጠ። አለቃችን ፊት ለፊት ነገራት፦ ሰኞ የጭነት መኪኖቹ ካልወጡ አንቺም አትመጪም።

አርብ ዕለት ታዲያ የአንደኛው ማሽን ዲስክ ሊበላሽ መቃረቡን የሚያስጠነቅቅ መልእክት አይቼ ነበር። አልነገርኳትም። እኛ መቼም ክፉ ወሬ በሥራ ዋዜማ ለሰው አንነግርም። ዲስኩ ለአንድ ሳምንት አያንስም፣ ተረጋግታ ትጨርስና ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አልኩ። የኔን ብልጠት እዩልኝ!

እሁድ ረፋድ ገባን። እሷ ወረቀቷን ዘርግታ በየተራው ትሄዳለች። ሥራውን ሁሉ ወደ አንደኛው አዛወረች። የሚቀጥለው ሁለተኛውን ከጥምረቱ ማስወጣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«ጋሼ ካሳሁን፣ ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ታመጣልኛለህ፣ ያለምክንያት ትስቅልኛለህ። ሰው እንዲህ የሚሆነው ሲደብቅ ነው። ምንድነው?»

የዲስኩን ማስጠንቀቂያ ነገርኳት።

«አብሽር፣ ደርሰንበታል» አለችኝና ሥራውን መልሳ ወደ ሁለተኛው አዛወረች። አንደኛውን አስወጣች፣ ጥምረቱን አፈረሰች። ከዚያ ለአለቃው ደውላ፣ የሚቀረው የኪራዩ ማሽን ነው፣ ውሉን አራዝም አለችው። ሰውየው ተነጫነጨ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ሰኞ አንድም መኪና አልቀረም።

ስለኔ ለአለቃው ትንፍሽ አላለችም። ለራሴ የነገረችኝ ያን እሁድ ወደ ቤት ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ነው።

«የዛሬ ሦስት ዓመት አባቴ ሲሞት፣ ፈተና አለባት ብላችሁ ሃያ ቀን ደበቃችሁኝ። አንተም ነበርክበት። ፈተናውንስ አለፍኩ ጋሼ። ግን ሃያ ቀን ሙሉ፣ በየሶላቱ፣ አላህ ጤናውን ይመልስለት እያልኩ እለምን ነበር።»

መኪናውን ዳር አውጥቼ ፓርክ አደረግኩና፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ይቅርታ ጠየቅኋት።