የቦሎ ቀን ኖዝል

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ስዘረዝር እቆይና ይህችን ግን ዋጥ አድርጌ እመለሳለሁ። እናንተ ስሙኝ።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ መካኒክ ነኝ። ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ጭስ መለካት ሲጀምር እኛ ጋራዦች ዘዴ ፈጠርን። ጥሩ ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሞተር የሚረጨውን ዕቃ፣ ለምርመራው ቀን ብቻ እንገጥማለን፤ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ፈትተን ለሚቀጥለው መኪና እናውሳለን። ያረጀው ተመልሶ ይገባል፣ ጭሱም ይመለሳል። ያ ከመኪና መኪና የሚዞረው ኖዝል የኔ ነበር። እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ እኔ ነኝ የፈታሁት።

ከመኪኖቹ አንዱ የባለቤቴ ወንድም ሚኒባስ ነው። ጋራዤ ያለው በእሱ ግቢ ስለሆነ እምቢ ማለት አልችልም፤ ቢያንስ ለራሴ የምነግረው እንዲህ ነው። ሚኒባሱ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሳያጠፋ ተራ የሚጠብቀው እትዬ አስካለ መስኮት ሥር ነው። እትዬ አስካለ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ አስም አለባቸው፤ ልጆቼን አሳድገውልኛል። አንድ ቀን ጋራዥ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ። ይሄ ጭስ የጤና ነው?»

«ቦሎ አልፏል እኮ እትዬ። መንግሥት መርምሮታል። ምናልባት የእርስዎ ደረት ይሆናል።»

አመኑኝ። ምነው ባያምኑኝ ኖሮ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቁም፤ መስኮቱን እንድዘጋላቸው ብቻ ለመኑኝ። መዶሻ ይዤ ሄድኩና በገዛ እጄ ቸነከርኩት። ክፍሉ እየጨለመባቸው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መረቁኝ። ያንን ምርቃት ምን ላድርገው? ሰው በገዛ ግፉ ላይ እንዴት «አሜን» ይላል? እኔ ብያለሁ።

ለምን አልተናገርኩም? ብናገር ጋራዤን አጣለሁ፣ ባለቤቴ ከወንድሟ ትጣላለች፣ መኪናቸውን ያሳለፍኩላቸው ሁሉ ጥምድ አድርገው ይይዙኛል። ዝም ስል ደግሞ ሳላቸው በግድግዳው እያለፈ ይመጣብኛል። እሳቸውም ታፍነዋል፣ እኔም ታፍኛለሁ፤ ልዩነቱ የእሳቸውን መስኮት የዘጋሁት እኔ መሆኔ ነው። በር ላይ ስንገናኝ ዛሬም «እግዜር ይስጥህ» ይሉኛል።

ይቅር በሉኝ ልል ነበር የጀመርኩት። ግን ይቅርታ የሚለምን ሰው መጀመሪያ እጁን ይሰበስባል። የዚያ ሚኒባስ የዘንድሮ ቦሎ ትናንት ተለጠፈ። ዛሬ ጠዋት ጥሩውን ኖዝል ፈትቼ ያረጀውን መልሼ ገጠምኩለት።